ከስንብት በኋላ፦ በጥቂት ጥሪት ቤት ስለ መያዝ

(ከሠራዊቱ በጡረታና በስንብት ለወጡ አባላት፣ በልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ባለ ኮሙናል አዳራሽ የቀረበ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ተናጋሪው አስተካክሎ የጻፈው።)

የተከበራችሁ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ የክፉ ቀን ጓዶቼ፦

ለወታደር ስለ ቤት መናገር ቀላልም ከባድም ነው። ቀላል የሚሆነው ይህች ከተማ ራሷ የወታደር ሥራ በመሆኗ ነው። በየቀኑ የምንጠራው «ሰፈር» የሚለው ቃል «ሰፈረ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው፤ ከ1879 ዓ.ም. በኋላ የምኒልክ መኳንንትና የጦር አለቆች ከነጭፍሮቻቸው ድንኳን የተከሉባቸው ቦታዎችም እስከ ዛሬ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ዘበኛ ሰፈር እየተባሉ ይጠራሉ። ከባድ የሚሆነው ደግሞ እኛ ራሳችን ዕድሜያችንን በካምፕና በምሽግ ስላሳለፍን፣ ኪራይ መክፈል ምን እንደሆነ፣ አንድ ክፍል ቤት በወር ስንት እንደሚያወጣ ሳናውቅ፣ በአንድ ጠዋት የስንብት ደብዳቤ ይዘን ከተማ መሀል የምንገኝ ሰዎች መሆናችን ነው። ከመካከላችን በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ባዶ እጃቸውን የወጡ አባቶች ተቀምጠዋል፤ በእነርሱ ፊት ስለ ጥሪት አያያዝ ማውራቴ ድፍረት እንዳይሆንብኝ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እኔ በስንቅና ትጥቅ ክፍል 22 ዓመት አገልግዬ በሻምበልነት የተሰናበትኩ ሰው ነኝ። የኢኮኖሚ ምሁር አይደለሁም፣ ቤት ሻጭም አይደለሁም። በእጄ የነበረው ገንዘብ ከአብዬ የሰላም ማስከበር ግዳጅ የተረፈ አበል፣ ባለቤቴ ለዓመታት የጣለችው እቁብና አነስተኛ የባንክ ቁጠባ ነበር። በዚያ ገንዘብ አንድ ጊዜ ተሳስቻለሁ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ተሳክቶልኛል። ከስህተቱ ልጀምር።

በተሰናበትኩ በሁለተኛው ወር አንድ ቤት አልሚ ድርጅት ቢሮ ገባሁ። ስሙን አልጠራም። ቢሮው በመስታወት ሳጥን ውስጥ ትንንሽ ዛፎችና ትንንሽ መኪኖች የተደረደሩበት የሕንፃ ሞዴል ነበረው፤ ልጅቷ በእንጨት ዘንግ እየጠቆመች «ሻምበል፣ የእርስዎ ይህ ነው» ስትለኝ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በረንዳው ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ። የመጀመሪያውን ክፍያ ከፈልኩ። ቦታው ላይ የነበረው ግን በቆርቆሮ የታጠረ ጉድጓድ ነበር፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ነበር። በብዙ ምልልስ ገንዘቤን መለሱልኝ። የከፈልኩት ብር ቁጥሩ ሳይጎድል ተመለሰ፣ የሚገዛው ነገር ግን በዚያ መሀል ቀልጦ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ዱቄትና ዘይት ሳልመዝን ፈርሜ የማላውቅ የስንቅ መኮንን፣ በራሴ ገንዘብ ላይ ያላየሁትን ነገር ፈርሜ ተረከብኩ።

እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ብዙ በመሆኑ ነው መንግሥትም በ2017 ዓ.ም. የሪል እስቴት ልማትን የሚመለከት አዋጅ ያወጣው። ሕጉ መውጣቱ መልካም ነው። ሆኖም ያለችው አንዲት ጥሪት ብቻ የሆነች ሰው ገና ያልተሠራ ቤት መግዛት የለበትም የሚለው አቋሜ አልተለወጠም። አምስት ቤት ያለው ሰው በስድስተኛው ቢከስር ያዝናል፤ እኛ ግን በመጀመሪያው ከከሰርን የምንሸሽበት ምሽግ የለንም። ስለዚህ ትንሽ ይሁን፣ አሮጌ ይሁን፣ ግን ቆሞ የሚታይ፣ በር ያለው፣ ወረቀቱም በእጅ የሚገባ ይሁን።

ወረቀቱ በእጅ የሚገባ ስል፣ በተለይ በመሀል አዲስ አበባ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ወደ ተክለ ሃይማኖት፣ ወደ ጌጃ ሰፈር ወይም ወደ አብነት ብትሄዱ፣ በውስጠኛው መንገድ የምታዩት አሮጌ የጭቃ ቤት ሁሉ ባለቤት ያለው ይመስላችኋል። ነዋሪው አባቱ እዚያው እንደተወለዱ፣ ልጆቹንም እዚያው እንደዳረ ይነግራችኋል፤ አይዋሽም። ነገር ግን ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆኗል፤ የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበሩት ደግሞ ኪራይ ቤቶች ለሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተሰጡ። ስለዚህ በሰማያዊ ቀለም የተቀባውና አበባ የተተከለበት ያ ቤት የቀበሌ ቤት ሊሆን ይችላል። የቀበሌ ቤት ደግሞ አይሸጥም። የሚሸጡላችሁ «ቁልፉን» ነው፤ ቁልፍ ማለት ደግሞ የሌላ ሰው የኪራይ መብት ነው፣ ሕግ ፊት ስትቀርቡ የእናንተ ስም የትም ቦታ የለም። አንድ የማውቀው አስር አለቃ የልጁን የትምህርት ገንዘብ ጨምሮ በዚህ መንገድ ቁልፍ ገዝቶ፣ አከራዩ ወረዳ ቆጠራ ሲያደርግ በአንድ ቀን ማስጠንቀቂያ ወጥቷል።

መሬቱስ ካላችሁ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም። እኛ የምንገዛው በላዩ ያለውን ቤትና ከእርሱ ጋር የሚተላለፈውን የይዞታ መብት ነው። ያ መብት ነባር ይዞታ ሊሆን ይችላል፣ ወይም በሊዝ የተያዘ። በሊዝ የተያዘ ከሆነ ሻጩ ለከተማው ያልከፈለው ቀሪ የሊዝ ገንዘብ መኖር አለመኖሩን ሳትጠይቁ ዋጋ አትነጋገሩ፤ ዕዳው ከቦታው ጋር ወደ እናንተ ይመጣልና። ሰነድ አልባና ጨረቃ ቤት የሚባለውን በተመለከተ ብዙ አልናገርም። ርካሽ የሆነው በምክንያት ነው።

የኮሪደር ልማቱ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ይህን ጉዳይ ለሁላችንም በዓይናችን አሳይቶናል። ፒያሳ ሲነሳ፣ ካዛንቺስ ሲነሳ አይታችኋል። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞች ከሠሯቸው ቤቶች ነው፤ ለሰማንያ ዓመት ያህል የቆየ ሰፈር በጥቂት ወራት ተነሣ። ስለ ልማቱ ያላችሁን ሐሳብ ለራሳችሁ ያዙት፣ እዚህ የመጣሁት ለዚያ አይደለም። ለገዢ የሚጠቅመው ግን ይህ ነው፦ ሰፈር ሲነሣ ካሳና ምትክ የሚጠየቀው በሰነድ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች፣ አንዱ ካርታ፣ ማለትም የይዞታ ማረጋገጫ ወረቀት፣ ያለው ሌላው የሌለው፣ ግድግዳቸው የተያያዘ ቢሆንም በዚያ ጠዋት እኩል አይደሉም። ስለዚህ መሀል ከተማ የምትገዙ ከሆነ፣ ወደ ክፍለ ከተማው ሄዳችሁ ያ ቦታ በልማት ክልል ውስጥ መሆን አለመሆኑን ጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍ ባታገኙት እንኳ የመሐንዲሱን ፊት እዩ።

ወደ ተሳካልኝ ልምጣ። በ2011 ዓ.ም. በአብነት አካባቢ አንድ አሮጌ ግቢ ከባለቤቴ ወንድም ጋር ሆነን ለመግዛት ተነሣን። ደላላው የተገናኘን ሻይ ቤት ውስጥ ነበር፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ በየአምስት ደቂቃው እያነሣ ያየዋል። «ሻምበል፣ እርስዎ ካልወሰዱት ሌላው ሰውዬ ታክሲ ውስጥ ነው» አለኝ። እኔም «እንግዲያው በደህና ይግባ» አልኩት። ሰውዬው እስከ ዛሬ አልደረሰም። በጦር ሜዳ ቅኝት ሳይደረግ ወደፊት የሚል አዛዥ ምን እንደሚደርስበት እናንተ ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁ፤ ቤት ግዢም ቅኝት አለው፤ የእኛ ቅኝት አራት ወር ፈጀ።

መጀመሪያ ቀብድ አልሰጠንም። ቀብድ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀልድ አይደለም፤ የሰጠው ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ብዙዎቻችን ግን ቀብድን እንደ ሰላምታ እንሰጠዋለን፣ ከዚያ በኋላ ወረቀቱን መመርመር እንጀምራለን፤ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ቀጥሎ የካርታውን ፎቶ ኮፒ ተቀብለን በካርታው ላይ ያለው ስፋት መሬት ላይ ካለው ጋር መግጠሙን በሜትር ለካን። በካርታው 118 ካሬ የሚለው ግቢ መሬት ላይ 109 ሆኖ ተገኘ፤ ዘጠኙ ካሬ በጎረቤት አጥር ውስጥ ነበር። በዚያ ምክንያት ዋጋው ቀነሰ። ከዚያ ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ሻጮቹ እንዲያወጡ አደረግን፤ ቤቱ ባንክ ተይዞ ወይም ፍርድ ቤት ታግዶ እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ትልቁ ነገር ግን ሻጮቹ ነበሩ። ቤቱ ከእናታቸው የወረሱት ነው። ያነጋገሩን ሦስት ወንድማማቾች ናቸው፤ የወራሽነት ማስረጃው ላይ ግን አራት ስም አለ። አራተኛዋ እህታቸው ቤይሩት ናት። «እርሷ ችግር የላትም፣ ስልክ እንደውልላት» አሉን። ድምፅዋን ሰማን፣ ችግር እንደሌላት ነገረችን። ድምፅ ግን ፊርማ አይደለም። ውክልናዋ በአገራችን ቆንስላ በኩል ተረጋግጦ እስኪመጣ ሰባት ሳምንት ጠበቅን፤ በዚያ ሰባት ሳምንት የባለቤቴ ወንድም ሦስት ጊዜ ተጣልቶኛል። እንደዚሁ ባለትዳር ሻጭ ከሆነ፣ የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ በቤተሰብ ሕጉ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል፤ ባልየው ብቻውን ቢፈርምላችሁ ሚስቱ ሽያጩን በፍርድ ቤት ልታስፈርሰው ትችላለች።

ውሉ የተፈረመው በውልና ማስረጃ ጽሕፈት ቤት ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ መሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት መፈረም እንዳለበት ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ሕጉ ላይ ተጽፎ ሳለ፣ በጎረቤት ሽማግሌ ፊት በወረቀት ተፈራርመው ሚሊዮን የሚቆጥሩ ሰዎች አሁንም አሉ። ሽማግሌዎቹ ደጎች ናቸው፤ ፍርድ ቤት ሲኬድ ግን ደግነታቸው አይመዘገብም። ሌላ አንድ ልማድ አለ፤ ግብሩን ለመቀነስ በውሉ ላይ ዝቅተኛ ዋጋ መጻፍ። ሻጩ ላይ በዋጋው ዕድገት የሚታሰብ ግብር፣ ገዢው ላይ የቴምብር ቀረጥና የስም ማዛወሪያ ወጪ ስላለ፣ ሁለቱም ወገን ይስማማበታል። ነገ ውሉ ቢፈርስ ግን የምትጠይቁት የተጻፈውን ነው። ለሕጉ ሲባልም፣ ለራሳችሁ ሲባልም አታድርጉት።

አሁን ወደ ስሌቱ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሲናገር የምሰማው «ቤት ግዛና አከራይ፣ ተኝተህ ትበላለህ» የሚል ነው። ለስሌት ያህል ብቻ አንድ ቤት 4 ሚሊዮን ብር ተገዝቶ በወር 15,000 ብር ተከራየ እንበል። በዓመት 180,000 ብር፣ ማለትም ከዋጋው 4.5 በመቶ ነው። ተከራይ ወጥቶ ተከራይ እስኪገባ አንድ ወር ባዶ ይሆናል፤ 165,000 ቀረ። ለጣሪያ፣ ለቧንቧና ለሽንት ቤት ማስመጠጫ 20,000 እናውጣ። በሠንጠረዥ «ለ» የሚከፈለውን የኪራይ ገቢ ግብር 25,000 እንበለው። የቀረው 120,000 ነው፣ 3 በመቶ። ያው 4 ሚሊዮን በባንክ ቁጠባ ዝቅተኛው 7 በመቶ ወለድ ቢቀመጥ 280,000 ያስገኝ ነበር።

ታዲያ በቤት የበለጸጉት ሰዎች በምን በለጸጉ? በኪራይ አይደለም፤ በብር ዋጋ መውደቅ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። ቤት የነበረው ሰው የቤቱ ዋጋ በብር ሲጨምር ሀብታም የሆነ መሰለው፤ እውነቱ ግን ባለበት ቆመ፣ ብሩን በእጁ ይዞ የነበረው ነው የወረደው። ባለበት መቆም ትንሽ ነገር አይደለም፣ ለእኛ ዓይነቱ ሰው ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ቤት ጥሪትን ከመቅለጥ የሚያድን መሆኑን ማወቅ ሌላ፣ ቤት ገዝቶ በኪራይ እኖራለሁ ብሎ ማቀድ ሌላ ነው። በተለይ በብድር! በ16 በመቶ ወለድ ተበድሮ 3 በመቶ የሚያስገባ ቤት መግዛት፣ በየወሩ ከጡረታችሁ እየቆረጣችሁ ለባንኩ መስጠት ማለት ነው። ብድሩም ቢሆን በቀላሉ አይገኝም፤ ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ፣ በኋላም በ18 በመቶ ገድቦ ስለነበር ብዙ ባንኮች ለቤት የሚሰጡት ነገር አልነበራቸውም።

ወጣቶቻችሁ በስልካቸው የአሜሪካ ጡረተኛ ወታደሮችን ቪዲዮ እያዩ «እነርሱ ያለ ቅድመ ክፍያ ቤት ይገዛሉ፣ እኛስ?» ብለው ይጠይቁኛል። እውነት ነው፤ እነርሱ ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1944 ከወጣው ሕግ ጀምሮ ከጦሩ የተሰናበተ ሰው መንግሥት ዋስ ሆኖለት ያለ ቅድመ ክፍያ ቤት ሊገዛ ይችላል፤ እስከ አራት መኖሪያ ያለውን ሕንፃ ገዝቶ፣ በአንዱ እርሱ እየኖረ ሦስቱን ማከራየትም ይፈቀድለታል። ያ ዋስትና እኛ ዘንድ የለም፣ ስለሌለ ነገር ደግሞ ማለም ጊዜ ማባከን ነው። ነገር ግን በአንዱ እየኖሩ ሌላውን ማከራየት የሚለውን ከአሜሪካ መማር አያስፈልገንም። የአዲስ አበባ እናቶች ከጓሮ ሰርቪስ ቤት ደርድረው ልጅ ያስተማሩት በዚሁ ነው።

እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። ግቢው ፊት ለፊት የጭቃ ቤት፣ ከጀርባ ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች ነበሩት። ሦስት በአራት የሆኑ፣ ኮርኒሳቸው የተቀደደ፣ ወለላቸው አፈር። ዋናው ቤት ውስጥ እኛ ገባን፤ የባለቤቴ ወንድም የራሱ መኖሪያ ስላለው የእርሱ ድርሻ በኪራዩ ታሰበ። ወለሉን ሊሾ አስደረግን፣ ሮቶ ሰቀልን፣ ለእያንዳንዱ ክፍል የየራሱን የመብራት ቆጣሪ አስገባን፤ ይህን የመጨረሻውን ባናደርግ ኖሮ በየወሩ በመብራት ሒሳብ ስንጨቃጨቅ እንኖር ነበር። ስሌቱ የተለወጠው ግን በኪራዩ ብቻ አይደለም፤ እኛ ራሳችን ለሌላ ሰው ስንከፍል የነበረው ኪራይ ቆመ። የመጀመሪያው ትርፍ ያ ነው፤ ግብር አይከፈልበትም፣ ተከራዩም አይጠፋም፣ ምክንያቱም ተከራዩ እናንተ ናችሁ። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ቤት የምትኖሩበት ይሁን የምለው።

አብሮ መግዛትን በተመለከተ፣ ከመካከላችሁ ሦስትና አራት ሆናችሁ ለመግዛት የምታስቡ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። በአንድ ምሽግ ያደረ ሰው አይካካድም ትላላችሁ፤ እኔም አልጠራጠርም፣ ነገር ግን ሰው ይሞታል፣ ልጆቹ ደግሞ በዚያ ምሽግ አልነበሩም። ከባለቤቴ ወንድም ጋር የተፈራረምነው ውል አንድ ገጽ ተኩል ነው፤ ማን ምን ያህል እንዳወጣ፣ አንዱ መሸጥ ቢፈልግ መጀመሪያ ለሌላው በስንት ቀን ውስጥ እንደሚያቀርብ፣ ጥገና በማን ውሳኔ እንደሚደረግ ይናገራል። ሲፈረም የባለቤቴ አክስት «እናንተ ዘመድ አይደላችሁም እንዴ?» ብለው ቅር ብሏቸው ነበር። ዘመድ ስለሆንን ነው የጻፍነው።

አከራይ ስትሆኑ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. የወጣውን የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 አንብቡት፣ አጭር ነው። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፤ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ጭማሪውም ባለቤቱ ባሰኘው ቀን የሚያደርገው አይደለም። ከአከራዮች አንዳንዶቹ ያማርራሉ። እኔ በካምፕ ሳለሁ ባለቤቴ ሦስት ልጆች ይዛ በስድስት ዓመት አምስት ጊዜ ዕቃ ጭና ስለነበር፣ ይህን ሕግ ስሰማ ለማን እንደማዝን ለመወሰን አልተቸገርኩም። ስሌታችሁን ግን በዚህ ሕግ ላይ መሥርቱ፤ በሁለተኛው ወር ኪራይ እጨምራለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው ገና ሳይጀምር ተሳስቷል።

አንድ የመጨረሻ ነገር ስለ ተጠባባቂ ኃይል። ያለንን ሁሉ በግዢው ላይ አላዋልነውም፤ ስድስት ወር የምንበላውን ባንክ ውስጥ ትተን ነው የገባነው። በገባን በአራተኛው ወር፣ በነሐሴ፣ የሽንት ቤቱ ግድግዳ ወደ ጎረቤት ተደረመሰ። ጎረቤታችን ታግሠው ባያድሩ ኖሮ ከጓሮ ክስ ይመጣ ነበር። ግንበኛውን የከፈልነው ከዚያ ከተጠባባቂው ነው፤ ያኔ ባይኖረን ኖሮ ሰርቪሱን ወይም ትዕግሥታቸውን አንዱን እናጣ ነበር።

የካርታችንን ቅጂ፣ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ የሚለውን ማስረጃና ያንን አንድ ገጽ ተኩል ውል ስሞቹን ሸፍኜ ይዤ መጥቻለሁ፤ ከቡናው ጎን ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ካርታ አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ ዛሬ በእጃችሁ ያዙት፣ ማኅተሙ የት እንዳለ፣ ስፋቱ የት እንደተጻፈ እዩ። ሃምሳ አለቃ፣ እርስዎ ባለፈው ሳምንት ያሳዩኝን ወረቀት ይዘው ከሆነ፣ ከእርሱ ጎን አስቀምጠን እናመሳክረው።